ሦስት ጊዜ የተቃጠለው አምፕሊፋየር

አንድ ራዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነበር፤ ስሙ ይርዳው ይባላል። በእጁ ያለፈ ዕቃ ተመልሶ አይመጣም እየተባለ በገበያው ይወራለት ነበር፤ የአቶ ተካልኝ አምፕሊፋየር እስኪመጣ ድረስ።

አቶ ተካልኝ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የሰው ደረት የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች ገዝተው ሳሎናቸው ውስጥ አቆሙና ለስፒከር ጉልበት ከሚሰጠው ከድሮው ትንሽ አምፕሊፋየራቸው ጋር አገናኟቸው። በሳምንቱ አምፕሊፋየሩ ተቃጠለ። ይርዳው ሠራው። ከአሥር ቀን በኋላ ደግሞ ተቃጠለ። አሁንም ሠራው። ይህ ለእነዚህ ስፒከሮች አቅም የለውም፣ ሌላ ያስፈልጋል ብሎ ሁለቴ ነግሯቸዋል፤ እሳቸው እሺ እሺ እያሉ ይሄዳሉ። በሦስተኛው ሲመጡ ግን ድምፃቸው ጎረቤት ሻይ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ይርዳው ሙያ እንደሌለው፣ ዕቃውን የሚያበላሸው ራሱ እንደሆነ ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ተናገሩ። በዚያው ሳምንት ሁለት ደንበኞች ዕቃቸውን ሳያሠሩ ወስደው ሄዱ።

ይርዳው መረረው። ስሙ እንዲህ እየጠፋ መቀመጥ አልቻለም። አምፕሊፋየሩን ጠገነና ከሱቁ ሌላ አሮጌ ግን ከባድ ጉልበት ያለው አምፕሊፋየር ጨምሮ ተሸክሞ ቤታቸው ሄደ።

በሩን የከፈተችለት ሠራተኛቸው ዘነቡ ናት። እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኗል፣ የአቶ ተካልኝን ሕፃን ልጅ አዝላለች። ሳሎኑ በእንግዳ ሞልቷል። ገና በሩን ሳትዘጋ ውሃ አምጪ፣ ወንበር ጨምሪ፣ ምን ትጎተቻለሽ ተባለች።

ይርዳው የአምፕሊፋየሩን ቦታ ሲያይ ወፍራም ዳንቴል ተጣጥፎ ይጠብቀዋል። ለካ አቧራ እንዳይነካው ብለው እየሸፈኑ ሙቀቱን መውጫ አሳጥተውታል። ይርዳው ከእንግዶቹ መካከል ወደ ተቀመጡት አቶ ተካልኝ ዞረ።

"ቮልዩሙን ስንት ላይ ነው የሚያደርጉት?"

"አሥር ላይ ነዋ። ከዚያ በታች ለማን ይሰማል?"

"አቶ ተካልኝ፣ የቮልዩሙ ቁልፍ ጉልበት ይጠይቃል እንጂ ጉልበት አይሰጥም። የሌለውን ሲጠይቁት ይቃጠላል።"

ከባዱን አምፕሊፋየር አገናኝቶ ሦስት ላይ አደረገው። ከስፒከሮቹ የወጣው የክራር ዜማ ቤቱን ሞላው። እንግዶቹ ወሬያቸውን አቆሙ፤ አቶ ተካልኝ ግን ወደ ጓዳው ጮኹ።

"ዘነቡ፣ ምሳው የት ደረሰ? ምን ነክቶሽ ነው ዛሬ?"

ዘነቡ ትሪውን ይዛ እየሮጠች ገባች። ሕፃኑ ጀርባዋ ላይ ያለቅሳል። ይርዳው የመጣው ስሙን ሊያስመልስ ነው። አሁን ቢናገር አቶ ተካልኝ ስሙን ከበፊቱ የባሰ ሊያጠፉት ይችላሉ። ቢሆንም አላስቻለውም።

"እዚህ ቤት አሥር ላይ ያለው አምፕሊፋየሩ ብቻ አይደለም" አላቸው።

እንግዶቹ ሁሉ ዘነቡን አዩ። አቶ ተካልኝ ፊታቸው ቀላ። ተነሡና ልጃቸውን ከዘነቡ ጀርባ ላይ ተቀበሉ።

ትልቅ አምፕሊፋየር በሳምንቱ ገዙ። ጥፋቱ የይርዳው እንዳልነበረም እዚያው ሻይ ቤት ቁጭ ብለው አወሩ። ለዘነቡ ረዳት ለመቅጠር ግን ስድስት ወር ፈጀባቸው።

ሰውም እንደዚያ አምፕሊፋየር ነው። አቅም ሳንጨምርለት ድምፃችንን ብቻ ብንጨምርበት አይበረታም፤ ይቃጠላል። ሲቃጠል ደግሞ ድሮም ሰነፍ ነበር እንላለን። እስቲ ቤትዎን ዞር ብለው ይዩ፤ አሥር ላይ ያደረጉት ማንን ነው?