ደሴቷ ከየብስ የገጠመች ዕለት

አንድ ጊዜ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ውኃው ከጨዋማነቱ የተነሣ የማይጠጣ ሐይቅ ነበር። ከተራራ የሚወርድ አንድ ወንዝ ብቻ ይገባበታል። ዓሦቹ የሚኖሩት የወንዙ ውኃ ከጨው ጋር በሚቀላቀልበት ዳር ነው። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት ፔሊካን የሚባሉ ዓሣ በል ወፎች ጫጩት ይፈለፍላሉ፤ ዙሪያዋን ጥልቅ ውኃ ስለሆነ አውሬ ረግጧት አያውቅም። የንጉሡ የአንበሳ አያት ይህን አይቶ፣ «ወንዙንም ሐይቁንም ማንም እንዳይነካ» ብሎ ከልሎት ነበር። የልጅ ልጁ ግን ከዋሻው መውጣት ስለማይወድ ጥበቃውን ለአያ ጅቦ ሰጠው።

አንድ በጋ ቀበሮ ወደ አያ ጅቦ መጣች።

«ምነው ከሳህ?» አለችው።

«ጠባቂ ሆኜ ምን እበላለሁ? ጫጩቶቹ ያሉት ደሴቷ ላይ ነው። እኔ ደግሞ ያን ያህል ዋና አልችልም።»

«ወንዙን ወደዚያ ሜዳ እናዙረው። ሜዳው ሣር ያበቅላል፤ ሣር ካለ ጥንቸል ይመጣል፤ እሱ ለእኔ ይበቃኛል። ሐይቁ ሲጎድል አንተ በእግርህ ትሻገራለህ።»

አያ ጅቦ ለማሰብ ሞከረ፤ ሆዱ ቀደመው።

«መቼ እንጀምር?» አለ።

አህያን ጠሩት። ለምለም ሣር እንደሚያገኝ ነገሩት፤ የደሴቷን ነገር ግን ደበቁት። አህያም በሰኮናው ቦይ ሲቆፍር ሰንብቶ ወንዙን ወደ ሜዳው አዞረው።

ሐይቁ በየቀኑ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ። ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። ሁለት ጫጩቶች የነበሯት አንዲት ፔሊካን ወደ አያ ጅቦ በረረች።

«አያ ጅቦ፣ ጠባቂያችን አንተ ነህ። ወንዙን መልስልን። ልጆቼ ለመብረር ገና አንድ ወር ይቀራቸዋል።»

«ፀሐዩ በርትቶ ነው፣ እመይቴ። እየተከታተልኩት ነው» አለ። ይህን ሲል ዓይኑ ከደሴቷ አልተነቀለም።

ፔሊካኗ ዓይኑን አየችና ፈራች። በዚያው ወደ አንበሳ ዋሻ ሄደች።

አንበሳ ተጋድሞ ሰማት። «ጅብ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ።

«ፀሐይ ነው አለኝ፣ ጌታዬ። ግን ወንዙን አዙረውታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እሱ በቦታው ያለ ነው፤ ከአንቺ ይልቅ ያውቃል። ለማንኛውም ቀበሮን ልኬ አጣራለሁ።»

ፔሊካኗ ወደ ልጆቿ በረረች። በማግሥቱ ስትመለስ ደሴቷ ከየብስ ገጥማለች። በእርጥቡ ጭቃ ላይ የጅብ ዱካ ሄዶ ተመልሷል። ጎጆዋ ውስጥ ጥቂት ለስላሳ ላባ ብቻ ቀርቷል። ከጎኑ ተቀምጣ ዋለች። ማታ የተረፉት ወፎች ተነሥተው ሲሄዱ እሷም አብራቸው ሄደች።

አያ ጅቦ ስምንት ቀን ጠገበ። ከዚያ ወዲያ የሚበላ አልነበረም። ነፋሱ ከደረቀው የሐይቅ ወለል ጨው እያነሣ ሜዳው ላይ በተነው፤ ሣሩ አረረ፤ ጥንቸሎቹም ተሰደዱ። ቀበሮ ለማንም ሳትናገር ወደ ሌላ አገር ተሻገረች። አህያ ምን እንዳደረገ የገባው ያኔ ነው። ማንም ሳያዘው ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፈነ፤ ወንዙም ወደ ሐይቁ ተመለሰ።

ከዓመት በኋላ አንበሳ ሐይቁን ሊያይ መጣ።

«ውኃውማ አለ። ወፎቹ የት ናቸው?» አለ።

«ውኃውን መልሻለሁ» አለ አህያ። «እነሱን ግን የት ሄጄ እንደምጠራቸው አላውቅም።»

አንበሳ ባዶውን ዳርቻ ተመለከተ።

«እንግዲህ ይህን ቦታ ማን ይጠብቅ?» ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አለሁ፣ ጌታዬ» አለ አያ ጅቦ።

አንበሳ ደክሞት ነበር። ሌላ መፈለግም ታከተው። «ይሁን» ብሎ ወደ ዋሻው ተመለሰ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሹሞ የተቀመጠ ጌታ ወርዶ በዓይኑ ካላየና የተበደለውን ካልሰማ፣ ሹሙ ላጠፋው ሁሉ እኩል ተጠያቂ መሆኑን ነው።