በዓመት ሁለት ቀን የምትሠራ ፒካፕ

አንድ ጊዜ አህያ ማገዶ የሞላባትን ተጎታች ጋሪ ዳገት ላይ ሲጎትት፣ አጠገቡ የተጠመደው በሬ ድንገት በጉልበቱ ተንበረከከ።

«አያ በሬ! ተጎዳህ እንዴ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ድንጋይ ነው ያዳለጠኝ።»

አህያ መንገዱን አየ። ድንጋይ የለም። አፈር ብቻ ነው። 

በሬ ተነሣ። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው ጎተቱ። ተጎታቿ እየተንገጫገጨች ወጣች።

እቤት ደርሰው እንጨቱን ሲያራግፉ አህያ፣ «ዛሬ እንኳ እዚህ እደርና እረፍ» አለው።

«አይ፣ ልሂድ። ነገ ፈረስ ጠርቶኛል። ከነገ ወዲያ ደግሞ ግመል። ሥራ በዝቶብኛል ወንድም ዓለም፣ መተንፈሻ የለኝም።»

እያነከሰ ሄደ።

ውሸቱን ነበር። ፈረስ አልጠራውም። ግመልም አልጠራውም። በሬ አርጅቷል። እርሻ ከተወ አራት ዓመቱ ነው። ከአህያ በቀር የሚጠራው አልነበረም። አህያም የሚጠራው በዓመት ሁለት ቀን ነው። ታኅሣሥ ላይ ጭድ ከአውድማ ያመጣሉ፤ ግንቦት ላይ የክረምት ማገዶ ያመጣሉ። የቀረውን አህያ በጀርባው ይጭናል።

በዚያ አገር ደግሞ የአንበሳ ሕግ ነበረ። ሥራ ያለውን እንስሳ አንበሳ አይነካም። ጳጉሜ ሲገባ ሁሉም ይሰበሰባል። አንበሳ በየተራ እያቆመ፣ «ዘንድሮ ይህን ለሥራ የጠራው ማን ነው?» ይላል። አንድ ጎረቤት «እኔ» ካለ ይበቃል፤ ያ እንስሳ ለዓመቱ ይኖራል። «እኔ» የሚል ከጠፋ ወደ አንበሳ ገበታ ይሄዳል።

ባለፉት አራት ዓመታት የበሬ ተራ ሲደርስ አህያ ፈጥኖ «እኔ!» ይል ነበር። ባልቀድማቸው ፈረስም ግመልም ይሉ ነበር ብሎ ያስባል። በሬም «ካንተ በቀር የለኝም» አላለውም። እንዲህ ማለት ልመና መሰለው። ከብዶት ቀረ።

ያን ዕለት አህያ ሣር አልበላም።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ።

«በሬ ተንበረከከ። በእኔ እንጨት።»

«አርጅቶ ነዋ።»

«ከእንግዲህ አልጠራውም። አፈርኩ።»

«ማን ሊጎትትልህ ነው ታዲያ?»

«መኪና ልግዛ እያልኩ ነው። ፒካፕ።»

ሣሩ ከአፏ ወደቀ።

«ፒካፕ! ለዓመት ሁለት ቀን! የቀረውን ጊዜ ምን ልታደርጋት ነው? ዶሮ ልታሰፍርባት?»

«ቀላል ነገር ነው የምትጎትተው። አሮጌም ብትሆን ትበቃለች።»

«እኔ ስለ ጉልበቷ መቼ ጠየቅኩህ? እኛ ግማሽ ግማሽ እየጫንን ብናመላልሰውስ?»

«አርግዘሻል እኮ።»

«እንግዲያው ሂድና በሬን ጠይቀው። ‹ከበደህ ወይ?› በለው። አፍ አለው፤ ይመልስልሃል።»

«እንዴት አድርጌ? ‹አርጅተሃል› ብዬ ፊቱ ላይ ልናገር?»

ሚስቱ ተናዳ ፊቷን አዞረች። እመት ቀበሮ ግን ከደጃፋቸው ቁጥቋጦ ኋላ ሆና ሁሉንም ሰማች።

አያ ጅቦ ከመንገድ ዳር ያገኛት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ነበረችው። ቀበሮ በዚያው ወደ እሱ ሮጠች።

«አያ ጅቦ፣ መኪናህን ለአህያ ሽጥለት።»

«ሥጋ ይሰጠኛል?»

«አህያ ከየት አምጥቶ? ዝም ብለህ ስማኝ። መኪና ካለው በሬን አይጠራም። ካልጠራው ጳጉሜ ላይ በሬ ወደ ገበታ ነው። ሥጋው ለአንበሳ፣ አጥንቱ ላንተ፣ ጉበቱ ለእኔ።»

የጅብ ምራቅ ወረደ። «እሺ! ጳጉሜ መቼ ነው?»

«የዘንድሮው አይሆንም። ግንቦት ላይ ጠርቶታል። የሚመጣው ዓመት ነው።»

«ዓመት!» ጅብ መሬት ላይ ተንከባለለ። «ዓመት ሙሉ ምን ልበላ ነው?»

በማግስቱ ቀበሮ አህያን ይዛው መጣች። ጅብ መኪናዋን እየዞረ ያሳየው ጀመር።

«ጎማዋን ነክሼዋለሁ፤ አይበላም። ወንበሯን ነክሼዋለሁ፤ ውስጡ ጥጥ ነው። አጥንት የላት፣ ምን የላት።»

«ትጎትታለች ወይ?» አለ አህያ።

«እኔን ጎትታኝ አታውቅም።»

«ትጎትታለች እንጂ!» አለች ቀበሮ። «ይኸው ከኋላ መንጠቆ አላት። ጭድና እንጨት ለእሷ ምኗ ነው?»

«ዋጋዋስ?»

«ወንዝ ዳር ያለችህ ሜዳ» አለች ቀበሮ።

አህያ ደነገጠ። በበጋ ሣር የማይጠፋባት ሜዳ እሷ ብቻ ናት። ደግሞም ጅብ ሣር ምን ያደርግለታል? ይህ በልቡ መጣ። ሊጠይቅ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው።

«ለሁለት ቀን ሥራ በዛ» አለ በመጨረሻ። «ልተወው መሰለኝ።»

«ተወው» አለች ቀበሮ። «ታኅሣሥ ላይ ሽማግሌውን ጥራው። ያን ጊዜ ዳገቱ ላይ ሲሞትብህ አንተው ትቀብረዋለህ።»

አህያ መሬት መሬት አየ። «እሺ» አለ።

ጅብ ደስታው አላስችል አለው። «እንግዲህ በሬን አትጠራውም አይደል? ማልልኝ! ጳጉሜ ላይ እኔ አጥን...»

ቀበሮ እግሩን ረገጠችው። ጅብ ጮኸ።

አህያ ሰምቷል። ጆሮው ረጅም ነው። በሬን ባልጠራው ጅብን ምን ይመለከተዋል ብሎም አሰበ። ግን ገበያው ካለቀ በኋላ መመርመር ነውር መሰለው። መኪናዋን ይዞ ሄደ። ሚስቱ ሜዳዋን ስታጣ ሁለት ቀን አላናገረችውም።

የዚያ ዓመት ጳጉሜ ላይ አህያ እንደ ልማዱ ለበሬ «እኔ!» አለ። ታኅሣሥ ገባ። ጤፉ ተወቃ። በሬ የአህያን ልማድ ያውቃል፤ ጭድ የሚያስጎትተው አውድማው በተጠረገ በሦስተኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን ማለዳ ተነሣ። አንገቱን በዛፍ አሻሸ። ቀንበሩን አውጥቶ ደጅ ቆመ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ጭስ እየተፋች መኪናዋ መጣች። ባዶዋ ተጎታች ከኋላ ትንጓጓለች። አህያ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አያ በሬ! ዘንድሮ አንተ እረፍ! ይኸው መኪና ገዛሁ!»

በሬ መኪናዋን አየ። ተጎታቿን አየ።

«የተባረከች ትሁን» አለ።

«ሥራ እንዴት ነው?»

«ምን እባክህ፣ በዝቶ አልቻልኩትም።»

«አውቃለሁ! ለዚህ እኮ ነው የገዛሁት።»

አህያ ደስ ብሎት ሄደ።  በሬ ቀንበሩን ወደ ቤት መለሰው።

ግንቦት ላይ በሬ ሳይጠራ ዳገቱ ሥር ድረስ መጣ። አህያ እንጨት ይጭናል።

«ምነው አያ በሬ፣ በደህና?»

«በደህና ነው። እንዲያው በዚህ ሳልፍ ነው።»

ቆመ። አላለፈም። ትንሽ ቆይቶ አንዱን ግንድ በቀንዱ ወደ ተጎታቿ መግፋት ጀመረ።

«ኧረ ተው አያ በሬ! ትደክማለህ! በል ሂድና ጥላ ሥር ተኛ።»

በሬ ቀንዱን አነሣ። አንድ ነገር ሊናገር ፈለገ። አህያም የሚናገር መስሎት ጆሮውን አቆመ። «ምን ነበር?» ቢለው ይበቃ ነበር። አላለውም።

«እሺ» አለ በሬ። «ልሂድ እንግዲህ።»

ጳጉሜ ገባ። ዝናብ ይወርዳል። እንስሳት ሁሉ በዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። አንበሳ ፈረስን አቆመ፤ ጠሪው ብዙ ነው። ግመልን አቆመ፤ እሱም ጠሪ አለው። የበሬ ተራ ደረሰ።

«ዘንድሮ በሬን ለሥራ የጠራው ማን ነው?»

አህያ ፈረስን አየው። ፈረስ መሬት ያያል። ግመልን አየው። ግመል ሰማይ ያያል።

«ማን ነው የጠራው?» አለ አንበሳ ሁለተኛ።

አህያ ያን ጊዜ ገባው። 

«እኔ!» አለ። «እኔ ጠርቼዋለሁ ጌታዬ!»

«ምን አሠራኸው?»

«ጭድ... ጭድ አስጎተትኩት። እንጨትም።»

«ጌታዬ» አለች ቀበሮ፣ «ጭዱንም እንጨቱንም የጎተተችው መኪና ናት። አገር ያየው ነው።»

«እኔ ነኝ የሸጥኩለት!» አለ ጅብ እየዘለለ። «ሜዳ ሰጠኝ። ሣር ነው፤ አይበላም።»

አንበሳ ዙሪያውን አየ። «እውነት ነው?»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። እውነት ነው።

«እንግዲያው ዛሬ ልጥራው!» አለ አህያ። «አሁን! መኪናዋን ገደል ልክተታት፤ ማገዶውን መልሼ ጫካ ልውሰደው፤ እሱ ይጎትትልኝ! ጌታዬ፣ ላሳርፈው ብዬ እኮ ነው!»

«ዓመቱ አልቋል» አለ አንበሳ። ቁጣ አልነበረበትም። «ለሚቀጥለው የምትጠራው ካለ ቀድመህ ጥራ።»

በሬ ሳይገፉት ተነሣ። ወደ አንበሳ ዋሻ የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ጅብ ከኋላው ምራቁን እያንጠባጠበ ተከተለ። አህያ በጭቃው እየወደቀ እየተነሣ ደረሰበት።

«ፈረስ ጠርቶኛል ትለኝ አልነበረም? ግመል ትለኝ አልነበረም?»

በሬ መንገዱን ቀጠለ።

«አንድ ቃል ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሳላውቅ ገደልኩህ እኮ አያ በሬ!»

በሬ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርስ ቆመና ዞር አለ።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጎረቤታችን በልባችን እያዘንን አፍ አውጥተን ካልጠየቅነው ማዘናችን እንደማያድነው ነው፤ በሬም በመጨረሻ ለአህያ ያለው ይህን ብቻ ነበር፦ «እኔ ደግሞ የሰለቸሁህ መስሎኝ ነበር።»