የአንጓች ግድግዳ

በእኛ አገር ተውሶ ለብሶ የሚንጎራደድ፣ በሌላ ሰው ዕቃ ቤቱን ሞልቶ የሚኮፈስ ሰው ሲታይ፣ ትልልቆቹ ከንፈራቸውን መጠጥ አድርገው የሚወረውሯት አንዲት አጭር አባባል አለች። የማያውቃት የለም። ከየት መጣች ተብሎ ቢጠየቅ ግን ብዙው ሰው ትከሻውን ይሰብቃል። ነገሩን ከሥሩ እናውቃለን የሚሉ ሰዎች እንደሚያወሩት ከሆነ፣ የወጣችው ከአንዲት የጭቃ ቤት ነው።

የጭቃ ቤቷ የአንጓች ነበረች። አንጓች ጎጃም ውስጥ፣ ከዓባይ በረሃ አፋፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ትኖር ነበር። ባሏ ደምለው የደኅና ሰው ልጅ ነው። እሷ ግን የሸማኔ ልጅ ስለነበረች ዘመዶቹ አልወደዷትም። ደምለው ሴት ልጃቸው የሻረግ ገና ድክ ድክ ስትል በወባ ሲሞት፣ ርስቱን እኅቱ ወይዘሮ ዘርፌ ጠቅልላ ያዘችው። ለአንጓች የቀረላት የጓሮ መሬትና ያቺው ቤት ብቻ ነበረች።

የመንደሩ ሰው፣ "አሁን አንገቷን ትደፋለች" አለ። አልደፋችም። ለቅሶዋን ጨርሳ፣ ነጠላዋን አጥባ፣ ቤቷን ዞር ዞር ብላ አየችና "ድሃ እኔ ነኝ፤ ቤቴ ምን አደረገ?" አለች።

ከዚያ ወዲያ ክረምቱ በወጣ ቁጥር ቤቷን እንደ አዲስ ትሠራው ጀመር። ነጭ አፈር ከወንዝ ዳር፣ ቀይና ቢጫ አፈር ከገደሉ ሥር ተሸክማ ታመጣለች። ጥቁሩን ከድስት ቂጥ ጥቀርሻ ትፍቃለች። ጭቃውን ከጤፍ ጭድ ጋር አቡክታ ግድግዳውን ትመርገዋለች፤ ሳይደርቅ ደግሞ ጎረቤት የጣለውን የብርሌና የሸክላ ስባሪ እየለቀመች አበባ አስመስላ ትሰካበታለች። አባቷ ሸማ ላይ ሲጥለው እያየች ያደገችውን ጥለት፣ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ እየነከረች ከጣሪያው ሥር እስከ መደቡ ድረስ ታወርደዋለች። ያረጀ ቀሚስ ያገኘች እንደሆነ ጥለቱን ብቻ በጥንቃቄ ትፈታና ከሌላው ጋር ቀጣጥላ ትሰፋዋለች። የጓዳዋ መጋረጃ ከስንት ሴት አሮጌ ቀሚስ እንደተሰበሰበ እሷም አታውቀው፤ ብቻ የሚያየው ሁሉ ከየት ገዛሽው ይላት ነበር።

ዘርፌ ግን በበሩ ባለፈች ቁጥር አፍንጫዋን ሸፈን እያደረገች፣ "ይቺ ሴት ዛሬም ጥራጊ ትለቅማለች?" ትላለች።

"የጣሉትን ነው የምለቅመው፣ እትዬ" ትላለች አንጓች ከግድግዳው ዞር ሳትል። "የሰው የሆነ ነገር አልነካሁም።"

ነገሩ የገባው ይስቃል። ዘርፌም ይገባታልና በቅሎዋን ጎሰም አድርጋ ታልፋለች።

የሻረግ አደገች። ጥምቀት ላይ ያያት የግራዝማች ይልቃል ልጅ ጫኔ ልቡ ወደቀባትና "እሷን ካላገባሁ" ብሎ አባቱን አስጨነቀ። ግራዝማች ይልቃል ከወንዝ ማዶ ያሉ ትልቅ ባለርስት ናቸው። ሽማግሌ ይዘው እሑድ እንደሚመጡ መልእክት ላኩ። የሻረግ ስትሰማ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ እናቷ ግን ከነጠላው ሥር ሳቋን አየችው።

መልእክቱ ዘርፌም ጆሮ ገብቶ ኖሮ፣ ቅዳሜ ሳይደርስ ከተፍ አለች። መደቡን በእጇ ጠረግ አድርጋ ተቀመጠች።

"አንጓች፣ ግራዝማች ይልቃልን በዚህ ቤት ልትቀበያቸው ነው?"

"ሌላ ቤት አለኝ እንዴ፣ እትዬ?"

"እንግዲያው ልጅሽን ቆሞ ቀር አደረግሻት። ሰውየው ገና ከደጅ አይተው ነው የሚመለሱት። የወንድሜ ልጅ ናትና አንጀቴ አልቻለም። ስጋጃዬን፣ የሐር መጋረጃዬን፣ ብርሌውንና ወንበሩን ሁሉ አስመጣለሁ። የወርቅ ድሪዬንም ለልጅቱ አደርግላታለሁ።"

አንጓች ቀና ብላ አየቻት። ዘርፌ በነጻ እንኳን ድሪ፣ እሳት አታውስም።

"በምን?" አለቻት።

"በምንም። ብቻ ያን ቀን የቤቱ እመቤት እኔ ነኝ። ከእንግዶቹ ፊት የምቀመጠውም የምናገረውም እኔ ነኝ። የሸማኔ ልጅነትሽ አይነሣ። አንቺ ከጓዳ ሆነሽ ታስተናግጃለሽ። ለልጅሽ ስትይ አንድ ቀን መደበቅ ያቅትሻል?"

አንጓች "ያቅተኛል" ልትል አፏን ከፈተች። ዞር ስትል የሻረግን አየቻት። ልጅቱ ጥግ ላይ ቆማ፣ እጆቿን አጣምራ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በእውነት እናቴ እምቢ ካለች ይቀርብኛል ብላ ፈርታለች። አንጓች ስለራሷ ማንንም አትፈራም፤ ስለ ልጇ ግን የማትፈራው አልነበረም።

"እሺ" አለች።

እሑድ ጠዋት የዘርፌ አሽከሮች ዕቃውን በበቅሎ ጭነው መጡ። የሐር መጋረጃው በግድግዳው ዙሪያ ተሰቀለ። ቀዩ ጥለት፣ ቢጫው አበባ፣ የስባሪው ብልጭልጭታ ሁሉ ከሥሩ ጠፋ። ስጋጃው መሬቱን ከነመደቡ ሸፈነው። የጓዳዋን መጋረጃ ዘርፌ ራሷ አውርዳ ጥቅልል አደረገችና ከበር ውጭ ጣለችው። አንጓች አነሣችው፤ አቧራውን አራገፈችና ብብቷ ሥር ይዛ ገባች። በገዛ ቤቷ ውስጥ ስትራመድ እግሯ ቦታውን የሳተ መሰላት።

እንግዶቹ መጡ። ግራዝማች ይልቃል ከፊት፣ ከኋላቸው ጫኔና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አያ ሞትባይኖር ይባላሉ፤ እስኪጠይቋቸው የማይናገሩ፣ ሲናገሩ ደግሞ ማንንም የማይፈሩ ሰው ናቸው።

ዘርፌ በወንበሩ ላይ ተደላድላ፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤት ለእንግዳ!" አለች። ወዲያው ደግሞ፣ "አባቴ፣ እግርዎን ከስጋጃው ወዲህ ሰብሰብ ቢያደርጉ። ከባሕር ማዶ የመጣ ነው፤ ጭቃ አይወድም" አለቻቸው።

አያ ሞትባይኖር እግራቸውን ሰበሰቡ።

"ወደኋላ አይደገፉ፣ ሐሩ ይተረተራል።"

አያ ሞትባይኖር ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ጠጅ ቀረበላቸው።

"ብርሌውን በሁለት እጅ ቢይዙት፤ እንዲህ ያለ ዛሬ አይገኝም።"

ሽማግሌው ብርሌውን እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ሳይጠጡ ቀሩ። ግራዝማች ይልቃል የሚያስቀምጡበት ጨንቋቸው የዝንብ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። እንደዚያ ያጌጠ ቤት ውስጥ አንድም የሚመቸው ሰው አልነበረም። ዘርፌ ብቻ ነበረች የምታወራው፤ ስለ ዘሯ፣ ስለ ርስቷ፣ "ልጄ" እያለች ስለምትጠራት ስለ የሻረግ።

የሻረግ የእንግዶቹን ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል፣ "ቀስ! ድሪዬ ይበጠሳል!" አለች ዘርፌ።

እንግዶቹ ተያዩ። "ድሪዬ?" አሉ ግራዝማች።

"ያው የእኔና የእሷ ምን ልዩነት አለው!" ብላ ሳቀች።

ይኼኔ አንጓች ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከጓዳ ወጣች። አያ ሞትባይኖር አንዴ እሷን፣ አንዴ የሻረግን አዩ። ያ ግንባር፣ ያ አገጭ አንድ ነው። "ይህቺ ሴት ደግሞ ማን ናት?" አሉ።

ዘርፌ ቀና እንኳ አላለችም። "እሷማ የቤት አገልጋይ ናት። መጠጊያ የላትም፤ ለነፍሴ ብዬ ነው ያስጠጋኋት።"

አንጓች የምትቀዳውን አቆመች። የሻረግን አየቻት፤ ልጅቱ አንገቷን ደፍታ ነበር። ወዲያው ግን ቀና አለች። ፊቷ ነድዶ ነበር፤ ጫኔን አላየችም፣ ማንንም አላየችም፣ እናቷን ብቻ ነበር የምታየው።

አንጓች ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። እስከዚያች ቀን ድረስ የባሏን ታላቅ እኅት "እርስዎ" እንጂ "አንቺ" ብላ አታውቅም።

"ዘርፌ፣ ተነሺ" አለች።

"ምን አልሽ?"

"ተነሺ አልኩሽ። ስጋጃሽን ልጠቀልልልሽ ነው።"

አንጓች የሐር መጋረጃውን ከጫፉ ይዛ ሳብ አደረገችው፤ ከነዘንጉ ወረደ። ሁለተኛውን ወረወረች፣ ሦስተኛውን ወረወረች። በበሩ የገባው የከሰዓት ፀሐይ ግድግዳው ላይ አረፈና ያ ሁሉ ስባሪ ቦግ አለ። አሽከሮቹ ማንን እንደሚያግዙ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። የሻረግ ድሪውን ከአንገቷ ፈትታ፣ በሁለት እጇ ይዛ፣ የዘርፌ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እንዳይበጠስብዎት" አለች።

ከዚያ መጥታ የስጋጃውን አንደኛ ጫፍ ያዘች። እናትና ልጅ እንግዶቹን "እስቲ ከፍ በሉልን" እያሉ ስጋጃውን ጠቅልለው አወጡት። ጓዳው ላይ የጥለቱን መጋረጃ መልሰው ሰቀሉት። አያ ሞትባይኖር ብርሌውን ለአሽከር አስረክበው፣ ባዶው መደብ ላይ ዘፍ አሉና ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው "እፎይ!" አሉ።

ግራዝማች ይልቃል ግን ቆመው ነበር። ፊታቸው ጠቁሯል። "ተታለልን ማለት ነው?" አሉ።

"አዎ፣ ተታልላችኋል" አለች አንጓች። "እኔም አለሁበት፤ እሺ ያልኩት በገዛ አፌ ነው። ልጄ ይቀርባታል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን አልፈራም፤ እውነቱን ስሙ። አንጓች እባላለሁ። የሸማኔ ልጅ ነኝ። የሻረግን የወለድኳት እኔ ነኝ፤ ያሳደግኳትም በዚህ ቤት ነው። ስጋጃ የለኝም። ያለኝ ይኼ የምታዩት ነው፤ አፈሩንም ተሸክሜ ያመጣሁት፣ በጣቴም የሣልኩት እኔ ነኝ። አልወደድነውም ካላችሁ በሩ ክፍት ነው፣ አልለምንም። ከወደዳችሁት ግን ከዚህ ቤት እንደወጣች፣ የእኔ ልጅ ተብላ ነው የምትሄደው። የሌላ ሰው ልጅ ተብላ ንግሥት ብትሆን አልፈልግም!"

ጫኔ አባቱን ያያል። ግራዝማች ጭራቸውን ከእጅ እጅ እያቀያየሩ ግድግዳውን ተመለከቱ፤ ጠጋ አሉና አንዱን የብርሌ ስባሪ በጣታቸው ነካ አደረጉት።

"የሻረግም ታውቅበታለች?" አሉ።

"ከበሩ በስተቀኝ ያለውን የሣልኩት እኔ ነኝ" አለች ልጅቱ ራሷ። "የእማዬ ይበልጣል።"

ግራዝማች ያልፈለጉት ፈገግታ አመለጣቸው። "የእኔ ቤት ስፋት እንጂ እንዲህ ያለ ነገር የለውም" አሉና ሄደው ከአያ ሞትባይኖር ጎን ተቀመጡ። እግራቸውንም ዘርጋ አደረጉ። "ጠላ የለሽም እንዴ፣ እመቤቲቱ?"

"እመቤቲቱ" ሲሏት አንጓች እንባዋ ሊመጣ ነበር፤ ዋጠችውና የራሷን ጠላ በሽክና ቀድታ አቀረበች። የዚያን ቀን ነገሩ አለቀ፤ የሠርጉም ወር ተቆረጠ።

ዘርፌ ከደጅ ቆማ አሽከሮቿን ስታጣድፍ ይህን ሁሉ ትሰማለች። ሽክናው ሲዞር አልቻለችም፤ ድሪውን በእጇ እንደጨበጠች በሩ ላይ መጥታ ቆመች።

"ይኼ ነው ውለታዬ?" ብላ ጮኸች። "በወርቄ ላድምቃቸው ብዬ ከቤቴ ብመጣ፣ እኔን በሰው ፊት ያዋርዱኝ?"

አያ ሞትባይኖር ሽክናቸውን ጨልጠው አፋቸውን ጠረጉና፣ ጀርባቸውን ከግድግዳው ሳያላቅቁ፣ "አይ እመት ዘርፌ፣ ወርቅሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ፤ የሰው ወርቅ አያደምቅ" አሏት።