የዶቅማ ውሃው ጥሩንባ ነፊ

ድሮ ነው። ሞት በእግሩ የሚሄድበት፣ ወሬም በእግሩ የሚሄድበት ዘመን ነው። የትኛው ቀድሞ እንደሚደርስ ማንም አያውቅም ነበር።

ጠጋ በሉ፤ ድምፄ ሩቅ አይሄድም።

ዶቅማ ውሃ የሚባል አገር አለ። በወጣትነቴ ለአጨዳ ተቀጥሬ እዚያ ከርሜያለሁ። አባት አልነበረኝም፤ ስለዚያ ብዙ የምናገረው የለም። ቀን አጭዳለሁ፣ ሲመሽ ከሰዎቹ ጋር እቀመጣለሁ። እነሱ ያወራሉ፣ እኔ እሰማለሁ። ይህን የሰማሁት እዚያ ነው።

በዚያ አገር ቢያድግልኝ የሚባል ጥሩንባ ነፊ ነበር። ከሱ በፊት የወለደቻቸውን ልጆች ፈንጣጣ ጨርሶባት ነበርና እናቱ ይህን ስም አወጣችለት። ፈንጣጣው ሳይነካው አደገላት።

ድሃ ነበር። እናኑ የምትባል ሚስት ነበረችው። የሻረግ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው። የቀንድ ጥሩንባ ነበረው። ለጥሩንባው አገልግሎት የተሰጠችው ቁራሽ መሬት ነበረችው። ከዚያ ወዲያ አንድ በሬ ነው።

ሰው ሲሞት ጉብታው ላይ ይወጣል። ይነፋል። የሟቹን ስም ይጠራል። ይወርዳል። ለባለጠጋ አያስረዝምም፣ ለድሃ አያሳጥርም። ስለዚህ ሰዉ ያምነዋል። አንድ ሽማግሌ ታመው ሳሉ ጎረቤት ተሰብስቦ ቢያለቅስ፣ ቀና ብለው «ቢያድግልኝ ሳይነፋ ማን ጠራችሁ?» አሉ ይባላል።

ሌላም ሥራ ነበረው። በሬ ሲጠፋ፣ የገበያ ቀን ሲለወጥ፣ የሹም ትእዛዝ ሲመጣ በየደጁ እየዞረ ይናገራል። ለዚህ ግን ጥሩንባ አይነፋም። ጥሩንባው የሙታን ነው፣ አፉ የሕያዋን ነው።

አንድ ዓመት ፈንጣጣ በሩቅ አገር ተነሣ ተባለ። ከቆላ አንድ ከታቢ መጣ። የድሮው ዓይነት ከታቢ ነው። ከታመመ ሰው ቁስል ቅርፊት ያነሣል፣ የጤነኛውን ክንድ ይበጣል፣ ቅርፊቱን ያስነካዋል። ብዙውን ያድናል፣ አንዳንዱን ይገድላል። የአገሩ ጭቃ ሹም ስሙ ተገኘ ነው። ቢያድግልኝን ጠራና ደግ ነገር መጥቷል፣ ማንም አይጎዳም፣ ዞረህ ንገር አለው። ቢያድግልኝ ዞሮ ነገረ። ማንም አይጎዳም አለ። ሰዉም ቢያድግልኝ ካለማ ብሎ ልጁን እየያዘ ወጣ።

ብዙዎቹ ዳኑ። ጥቂት ልጆች ሞቱ። ከሞቱት ሁለቱ የአያ ወንድይራድ ነበሩ። አያ ወንድይራድ የቢያድግልኝ ጎረቤት ነው። አጥራቸው አንድ ነው። አንድ አንድ በሬ ስላላቸው አቀናጅተው ያርሳሉ።

ቢያድግልኝ ጉብታው ላይ ወጣ። ነፋ። የሁለቱን ልጆች ስም ጠራ። ወረደ። አያ ወንድይራድ መንገድ ላይ ቆሞ ጠበቀው። አልጮኸበትም።

«በየደጁ የዞርከው አንተ ነህ» አለው። «ጉብታው ላይ የወጣኸውም አንተ ነህ። የትኛውን ልመን?»

የዚያን ዓመት በሬያቸውን አላቀናጁም። ሁለቱም በልመና በሬ አረሱ። አጥራቸው አንድ ነው፣ ሰላምታቸው ግን ቀረ።

ዓመታት አለፉ። ከመጀመሪያው ከታቢ በኋላ የተወለደችው የሻረግ አደገች፤ ውሃ መቅዳት የምትችል ሆነች። አያ ወንድይራድ በስተርጅና አንድ ወንድ ልጅ ወለደ፤ ከዓይኑ ሥር አይለየውም።

ያኔ ፈንጣጣ ከወንዙ ማዶ ገባ። በዚህ ጊዜ ሩቅ አይደለም፤ የማዶው ለቅሶ ይሰማል። አንዳንድ ሴቶች ከማዶ የመጣ ሰው ሲያዩ በነጠላቸው ጫፍ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍኑ ጀመር። ሌሎቹ ተቀየሙ። ዘመዴ መጥቶ ፊት የምትሸፍኝበት ጠላትሽ ነው ወይ ተባባሉ። በዚህ የተነሣ ጡት የተጣቡ ሰዎች ሳይቀሩ ተኳረፉ።

ከመንግሥት የተላከ ከታቢ በበቅሎ መጣ። ስሙን ረስተውታል። ወጣት ነው፣ ሳጥን ይዟል፣ ሳጥኑ ውስጥ መርፌ አለ። ዋርካው ሥር ተቀመጠ። ማንም አልመጣም። መርፌው ሴት ያመክናል አሉ። ግብር ለመጣል የሚቆጥሩን ነው አሉ። አንዱ ቀልደኛ ደግሞ የተወጋ ሰው እንደ በቅሎዋ ይሆናል፣ ይጫናል እንጂ አይወልድም አለ፤ ይህኛው ከሁሉም በላይ ተወራ። የሚስቁት የሞቱትን ልጆች ስላልረሱ ነው። ያንን ግን አፍ አውጥቶ የሚናገር የለም።

ጭቃ ሹም ተገኘ ቢያድግልኝን ጠራው። አይጎዳም፣ አያምም፣ ያልመጣ ይቀጣል በል አለው።

«ጌታዬ፣ መቀጣቱን እናገራለሁ፣ እርስዎ ነዎት የሚቀጡት» አለ ቢያድግልኝ። «አይጎዳም የሚለውን ግን አላውቀውም። አንድ ጊዜ ሳላውቅ ተናግሬያለሁ።»

ይህ በተሰማ ማግሥት እንቢ ባዮቹ በደስታ መጡ። እንግዲያው ይገድላል ብለህ ዙርልን አሉት። እሱንም አላውቅም አላቸው። እነሱም ተቆጡ። የሹም ፈሪ አሉት። ሹሙ አመፀኛ አለው፣ እነሱ ፈሪ አሉት፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ሆነ።

ጭቃ ሹሙ ጥሩንባውን ነጠቀው፤ መሬቷንም ጨምሮ ድረስ ለሚባል ሰው ሰጠበት። ድረስ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሹም ይፈራል። ሂድና ሰው ጥራ ቢሉት ጥሩንባውን ይዞ ጉብታው ላይ ወጣና ነፋ።

ዶቅማ ውሃ ጥሩንባ ሲሰማ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። ወንዱ ሞፈሩን ጣለ። ሴቱ መቀነቱን ጠበቅ አድርጎ እያለቀሰ ወጣ። አገር ሁሉ ደረቱን እየደቃ ማን ሞተ፣ ማን ሞተ እያለ ዋርካው ሥር ደረሰ። እዚያ ያገኙት ከታቢውን ነው፤ መርፌውን ይዞ ቆሟል። ጭቃ ሹሙም ማንም አልሞተም፣ ለመርፌው ነው አለ።

አንዲት ባልቴት እንባዋን ጠርጋ፣ «አሃ፣ ገና ልትገድሉን ነዋ» አለች። «እኛኑ ለራሳችን ለቅሶ ጠራችሁን?»

ሰዉ በአንድ እግሩ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ሊወጉ ያሰቡት እንኳ እንቢ አሉ።

ከታቢው ከገበያው ቀን በኋላ ወደ ሌላ አገር ማለፍ ነበረበት። ፈንጣጣው ደግሞ ወንዙን ተሻገረ። ከታችኛው መንደር አንዲት ሴት ታመመች። ቢያድግልኝ ጥሩንባ የለውም፣ መሬት የለውም፣ የሚያዘውም የለም። ቤቱ ቁጭ ማለት ይችል ነበር። ተነሥቶ ዋርካው ሥር ሄደ። ይገድላል ወይ ብሎ ከታቢውን ጠየቀው።

ከታቢው ዙሪያውን አየ። የሚያውቀውን ሁሉ እንዳይናገር ታዟል። «የድሮው ይገድል ነበር» አለ። «ይህ ሌላ ነው። ብዙ ሰው ወግቻለሁ። የተወጋውን ፈንጣጣ ሲይዘው አላየሁም። ግን ሁሉም ክንዱ ያብጣል፣ ያተኩሰዋል። አንዳንዱ ክፉኛ ይታመማል። አንድ ልጅ ሞቶብኛል፤ በመርፌው ይሁን በሌላ አላውቅም።»

«ይህን ለምን ለሰዉ አልነገርክም?»

«ይህን ከሰሙ ማን ይመጣል?»

«ሳይሰሙስ ማን መጣ?» አለ ቢያድግልኝ፣ ክንዱንም ሰጠው።

ተወጋ። ክንዱ አበጠ። አተኮሰው። ተኛ። ተነሣ። እናኑ ከበሩ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ተወጋህ፣ ተረፍክ» አለችው። «የሻረግ ትተርፋለች ብለህ ትነግረኛለህ?»

«አልነግርሽም። አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ታውቃለህ?»

«ፈንጣጣን አውቃለሁ። እናቴ ልጆቿን ስትቆጥር ጣቷ የት የት እንደሚቆም አውቃለሁ።»

እናኑ የልጅቷን እጅ ያዘች። ይዛት የሄደችው እሷው ናት፤ እሱ ከኋላ ተከተለ። የሻረግ ሲወጓት አላለቀሰችም። እናቷ አለቀሰች።

የዚያኑ ቀን ቢያድግልኝ በየደጁ መዞር ጀመረ። ያለ ጥሩንባ፣ ያለ ሹም ትእዛዝ። ክንዱን ገልጦ ከደጅ ይቆማል። ከእያንዳንዱ ደጅ የሚናገረው አንድ ነው።

«ያየሁት ይህ ነው። ተወግቻለሁ፣ ታምሜያለሁ፣ ተነሥቻለሁ። የሻረግ ዛሬ ተወግታለች። የሰማሁት ይህ ነው። የተወጋውን ፈንጣጣ ሲይዘው አላየሁም ይላል ከታቢው፤ አንዳንዱም ክፉኛ ይታመማል፣ አንድ ልጅም ሞቶብኛል፣ በምን እንደሆነ አላውቅም ይላል። የማላውቀው ይህ ነው። እውነቱን መናገሩን አላውቅም። ልጄ መትረፏን አላውቅም። የእናንተንም አላውቅም።»

ይህን ብሎ ይሄዳል። ኑ አይልም፣ አትምጡም አይልም።

ያቺ ባልቴት ከደጇ ቆማ ሰማችው። «ሹሞቹ ሁሉን ያውቃሉ» አለች። «የማያውቅ ሰው ዛሬ ገና ደጄ መጣ። እስቲ እሱን ልመነው።» የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ወረደች። እሷን አይተው ሌሎቹ ተከተሉ። ሁሉም አይደለም። ግማሹ ቤቱን ዘጋ።

አያ ወንድይራድ ደጅ ሲደርስ ቢያድግልኝ እንደ ሌላው ደጅ ሁሉ አንድም ሳያስቀር ተናገረ። አያ ወንድይራድ ጨርሶ ሰማው።

«ያን ጊዜ ይህችን የመጨረሻዋን፣ አላውቅም የምትለዋን ብትጨምርልኝ ኖሮ» አለው።

«ልጨምራት ይገባኝ ነበር፣ አያ።»

አያ ወንድይራድ ልጁን አቀፈና ወደ ዋርካው ወረደ። ልጁን አስወጋ። ራሱ ግን ክንዱን አልሰጠም። ልጄን በአንተ ቃል አስወጋሁ፣ እኔ ግን በዚህ ዕድሜዬ ልቤ አልፈቀደልኝም አለው። ቢያድግልኝ አልተከራከረውም። በሚቀጥለው ቀን በሬያቸውን አቀናጁ።

የሻረግ ክፉኛ አተኮሳት። እናኑ እህል አልቀመሰችም። ቢያድግልኝ ሰዉ ሲጠይቀው አልደበቀም፤ ታማለች ይላል። ይህን ሰምተው ለመወጋት የነበራቸውን ሐሳብ የተዉ አሉ። ቆይቶ ትኩሳቱ ለቀቃት። ተነሥታለች ብሎ ደግሞ ዞረ።

የሻረግን አውቃታለሁ። እኔ ስደርስ አሮጊት ነበረች። ለአጫጆች ምግብ የምታቀርበው እሷ ናት። ክንዷ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጠባሳ ነበረች። የኔን ድርሻ ሁልጊዜ ታበዛልኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ፈንጣጣው መጣ። ቤት ለቤት ሄደ። የተወጉት ቆሙ፣ ካልተወጉት ብዙዎቹ ወደቁ። አያ ወንድይራድ ከወደቁት ውስጥ ነበር። ቢያድግልኝ አጠገቡ ተቀምጦ ውሃ ሲያጠጣው ሰነበተ። ልጁ ደጅ ይጫወት ነበር። አያ ወንድይራድ ሞተ።

ድረስ ጥሩንባውን ይዞ መጣ። «ይህን እኔ ልነፋው አልችልም፣ ያንተ ነው» አለና ሰጠው። ጭቃ ሹሙ አልከለከለም። አንድ ነገር ግን አዘዘ። በእንቢተኝነቱ ሞተ ብለህ ጥራ፣ የቀረው ይማርበት አለ። የተወጉትም ደገፉት። ልጆቻቸው ተርፈውላቸዋል፣ ያልተወጉት ላይ መሳቅ ጀምረዋል።

ቢያድግልኝ ጉብታው ላይ ወጣ። ነፋ። «ወንድይራድ» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እንደ ሁሉም ሰው አድርጎ ነፋለት፣ አላስረዘመም፣ አላሳጠረም። ወረደ። ያን ቀን ሳቁ ቆመ ይላሉ። የአያ ወንድይራድን መሬት ልጁ ሞፈር እስኪይዝ ድረስ ያረሰለት ቢያድግልኝ ነው።

እንግዲህ ዶቅማ ውሃ ብትሄዱ ይህን ታያላችሁ። ወሬ ይዞ የመጣ ሰው ሦስት ነገር መናገር አለበት፤ ያየሁት፣ የሰማሁት፣ የማላውቀው። ሁለቱን ተናግሮ ዝም ካለ ማንም ከመቀመጫው አይነሣም። ሹምም ቢሆን፣ ሐኪምም ቢሆን፣ ቄስም ቢሆን ይጠብቁታል። በመጨረሻ አንዱ «ሦስተኛውስ?» ይላል። ልጃችሁን ለልጃችን የሚሉ ሽማግሎች እንኳ ሙሽራውን አሞግሰው ሲያበቁ ይህንኑ ይጠየቃሉ። ያኔ ብዙ ይሳቃል። ቢያድግልኝ ይሙት ብሎ የማለ ሰውም እዚያ አገር አይዋሽም።

የዚያን አገር እህል በልቻለሁና እኔም ደንቡን ልጠብቅ። ያየሁት የየሻረግን ጠባሳ ነው። የሰማሁት የነገርኳችሁን ሁሉ ነው። የማላውቀው፣ የሻረግ ሞታ ቢሆን ኖሮ ቢያድግልኝ ጉብታው ላይ ወጥቶ ሊነፋላት ይችል እንደነበር ነው።

ይህንኑ እሷን አንድ ቀን ጠይቄያት ነበር።

«እሱንማ አባቴም አያውቀውም ነበር» አለችኝ።