ከማማ ላይ የሚጣሩት አባት

«ተረት ተረት።»
«የማሽላ እሸት።»

ልጆቼ፣ ነገሩን ከሰማሁት ቆይቷል። የሰውየው ስም ውበቱ ይመስለኛል፤ ጎበዜም ሊሆን ይችላል። ከተሳሳትኩ የሚያውቅ ያርመኝ።

በድሮ ዘመን፣ እኔ ጎረምሳ ሳለሁ፣ በቆላ አገር ውበቱ የሚባል ማሽላ አራሽ ነበረ። ሚስቱ ደብሬ ትባላለች። ለመስቀል አባትና እናቱ ሊጠይቁት ከደጋ ወረዱ፤ ባልና ሚስቱም በእልልታ ተቀበሏቸው። መስቀል አለፈ። ጥቅምትም ገባ። ሽማግሌዎቹ ግን የመሄድን ነገር አላነሱም።

እናትየው፦ «የማሽላ እንጀራ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል» ይላሉ። ደብሬም ገብስ ፍለጋ ሩቅ ገበያ ትሄዳለች። አባትየው፦ «መደቡ ይቆረቁራል፤ ጠላው ቀጥኗል፤ እግሬን የሚያጥብ ጠፋ» ይላሉ። ውበቱም ሮጦ ያጥባል። ይህስ ይሁን። ጭንቁ ሌላ ነበር።

ማሽላው ወተት ሲቋጥር ግሪሳ የሚባለው ወፍ እንደ ደመና ይወርዳል። የቆላ ሰውም እርሻው መካከል ማማ ይሠራና ከላዩ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። በአባትየው አገር በደጋ ግን በቀን የሚጮኸው ሰው ሲሞት ነው። ስለዚህ ውበቱ የመጀመሪያውን ቀን ማማው ላይ ወጥቶ እሪ ሲል፣ አባትየው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየደቁ ወጡ።

«ማነው የሞተው?» አሉ።

ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀባቸው። አባትየውም አፈሩና ተቆጡ፦ «እኔ ሳልሞት በደጄ እሪታ? ሁለተኛ ስትጮኽ ከሰማሁ ምርቃቴን አነሳለሁ።»

የአባት ምርቃት ከተነሳ ምን ይተርፋል? ውበቱ መጮኹን ተወ። ወንጭፉን ይዞ ከወዲህ ወዲያ ይሮጣል። እዚህ ሲያባርረው ወፉ እዚያ ያርፋል። ከየጎረቤቱ የተባረረ ወፍ ሁሉ ዝም ያለው ማሳ ላይ ተሰበሰበ። የዓመት ቀለቡ ከዳር እያለቀ መጣ።

ደብሬም፦ «ንገራቸው እንጂ። ክረምት ሲገባ ምን ልናበላቸው ነው?» አለችው።

«ብነግራቸው ይረግሙኛል። ባልነግራቸው እንራባለን።»

«እንግዲያው ለእኔ ተወው።»

በማግስቱ አባትየው ውሃ ጠማቸውና ከደጅ ሆነው፦ «ኧረ ውበቱ፣ ውሃ» ብለው ሲጣሩ ግሪሳው ግር ብሎ ተነሳ። ደብሬ አየችና ጎንበስ አለች፦

«አባባ፣ እዚህ ሆነው ቢጣሩ አይሰማዎትም። ማማው ላይ ቢቀመጡ የትም ቢሆን ያዩታል፤ እንደ ልብዎ ያዙታል።»

ነገሩ ደስ አላቸው። ውበቱ ደግፎ አወጣቸው። ከዚያም ከጧት እስከ ማታ «ውበቱ፣ ውሃ»፣ «ውበቱ፣ ጥላው ዞረብኝ»፣ «ውበቱ፣ እናትህ ምን በላች?» ሆነ። አንድም ወፍ አላረፈም። ውበቱ ግን፣ አባቴን የወፍ ማስፈራሪያ አደረግኳቸው፣ ያወቁ ዕለት ጉዴ ነው እያለ እንቅልፍ አጣ።

አንድ ቀን ግሪሳው መጣ። አባትየው ሲጣሩ ተገልብጦ ተመለሰ። ሽማግሌው አዩት። ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ውበቱ።»

«አቤት።»

«እነዚህ ወፎች የሚሸሹት እኔን ነው?»

«አዎን፣ አባባ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማማው ላይ ከወጡ ጀምሮ።»

ውበቱም መሬት መሬቱን እያየ እርግማኑን ጠበቀ።

«እንግዲያው ለሚስትህ ንገራት» አሉ። «ውሃውን እንዲህ ቶሎ ቶሎ አታምጣው። ከረካሁ ምን ብዬ ልጣራ ነው?»

ወሬያቸውን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት በታኅሣሥ ገብርኤል ዕለት፣ በዚያ ካለፈ ጨው ነጋዴ ነው። ማሽላው ታጭዶ ገብቷል። ወፉም ሄዷል። አባትየው ግን ሲነጋ አሁንም ይወጣሉ፤ አሁንም ይጣራሉ። የማማውን እግር ምስጥ በልቶታል። ውበቱም ውረዱ ማለት ፈርቶ፣ ምሰሶውን በሁለት እጁ አቅፎ ከሥር ቆሟል አለኝ።

ተረቴን ያዙልኝ፤
እሸት ጥበሱልኝ።