አንጓችና የዶቅሚት መሻገሪያ

ስሙኝማ ልጆቼ። ነገሩ የሆነው ድሮ ነው፤ በዚህ አገር መኪና የሚባል ነገር ሳይሰማ፣ የአያቶቻችን አያቶች ገና ጎረምሶች ሳሉ። በዚያ ዘመን ዶቅሚት ወንዝ ዳር አንጓች የምትባል ድሃ ሴት ነበረች። ባሏ ሞፈርና ቀንበር ጠራቢ ነበር። አንድ ክረምት መሻገሪያውን ስቶ ገባና ዶቅሚት ወሰደችው። ሬሳው እንኳ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ አንጓች ወንዙ ሲያጓራ በሰማች ቁጥር "ዛሬስ ማን ይሆን?" ትላለች። ፊደል አባቷ አስቆጥሯት ነበር። ባሏ ጠርቦ የጣለውን የቀንበር ስባሪና የሞፈር ቁራጭ ሰበሰበች። ወስፌ አጋለች። ፊደሉን አንድ በአንድ በእሳት ጻፈች። "እዚህ አትግቡ" የሚለውን ጥልቁ ዳር ተከለች። "በዚህ ተሻገሩ" የሚለውን ውሃው ከሚሳሳበት ዳር ተከለች።

ሰው ፈራ። "በእሳት የተጻፈ መተት ነው" ብሎ ሽማግሌዎች ፊት አቆማት። ከሽማግሌዎቹ ጋር የተቀመጡት ቄስ እንጨቱን አገላብጠው አዩና፣ "ሰው እንዳይሞት ነው የሚለው። ልቀቋት" አሉ።

ለቀቋት። ግን አንድ ፊደል የማያውቅ ነጋዴ በምልክቱ አጠገብ አልፎ ጥልቁ ገባ። በቅሎውን ውሃ ወሰዳት፤ እሱ የዛፍ ሥር ይዞ ተረፈ። አንጓች እህል አልወርድ አላት። እንደገና ወስፌ አጋለች። በሁለቱም እንጨት ላይ ከፊደሉ ሥር የሰው እግር ሳለች፤ ጥልቁ ዳር ባለው ላይ ግን እግሩን ሰረዘችው።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ አመናት። ሰው የሚገባው በእሷ ቃል ሆነና ጭንቀቷ ግን ባሰ።

በሌላ ክረምት ዶቅሚት ሞልታ ድንጋይና አሸዋ እያንከባለለች መሄጃዋን ቀየረች። ውሃው ሲጎድል አንጓች ወርዳ "በዚህ ተሻገሩ" ካለችበት ቦታ ዘንግ ሰደደች። ዘንጉ መሬት አላገኘም። ገና ምልክቱን ሳትነቅል ከኋላዋ የከበሮ ድምፅ ሰማች። ሠርገኞች ሙሽራ ይዘው እየወረዱ ነው።

"ተመለሱ! ወንዙ ሥሩን ቆፍሮታል!"

ሚዜው ሳቀ። "እማማ፣ እንጨቱ ተሻገሩ ይላል እኮ።"

"የጻፍኩት እኔ ነኝ! ዛሬ ውሸት ሆኗል!"

ማን ይስማት! የሙሽራዪቱ በቅሎ የፊት እግሯን ውሃ ውስጥ ነከረች። አንጓች እንጨቱን ነቅላ በቅሎዋ ፊት ወረወረችው። አንዴ ዞረ። ከሥር ያለው አዙሪት ዋጠው። ጠበቁ። አልወጣም። ከበሮው ዝም አለ።

ሚዜው ፊቱ ዐመድ መሰለ። ልጓሙን ይዞ በቅሎዋን ወደ ኋላ ጎተተ። ሙሽራዪቱ ወርዳ የአንጓችን ጉልበት ሳመች። አንጓች ግን "ትንሽ ብዘገይስ ኖሮ?" እያለች ዘንጓን አነሳች። ሌላ መሻገሪያ በዘንግ ፈልጋ አሻገረቻቸው።

ይኸውላችሁ፣ ዛሬም በእኛ አገር ክረምት ሲወጣ የመሻገሪያው ምልክት፣ ደህና ቢሆንም እንኳ፣ ይነቀላል። ወንዙ በዘንግ ይለካል፤ በስባሪ እንጨት ላይ በጋለ ብረት አዲስ ይጻፋል። ሙሽራ የሚያጅቡም ውሃ ዳር ሲደርሱ ከበሮውን ዝም አሰኝተው እንጨት ይወረውራሉ። ተንሳፍፎ ሲሄድ ካዩ በኋላ ነው "አንጓች ፈቀደች!" ብለው እልል የሚሉት።