ከድልድዩ ማዶ የቆመው ጨው

ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። ጉም ከማይለየው አንድ ወንዝ ዳርና ዳር ሁለት ወዳጅ አገሮች ነበሩ። ወዲህ ቆዳ ይለፋል፣ ክር ይፈተላል፤ ወዲያ ጨው ይመረታል፣ ዘይት ይጨመቃል። ፋብሪካዎቻችን ተደጋግፈው ይሥሩ ብለው ተስማሙና ባለ አንድ ሐዲድ ድልድይ ሠሩ።

ከወዲህ ውድነሽ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጇ ልትወልድ ተቃርባለች፤ ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። የሕፃኑ ብርድ ልብስ ተቆርጦ ሳይሰፋ ክር አለቀ። የምትፈልገው አንድ ጥቅል ክር ብቻ ነው።

ወደ ክር ፋብሪካው ሄደች።

"ክር ፍተልልኝ፤ ልጄ ልትወልድ ነው።"

ፋብሪካው በእንቅልፍ ልቡ፣ "አልፈትልም። የሚያዞረኝ የቆዳ ቀበቶ ተበጥሷል" አላት።

ወደ ቆዳ ፋብሪካው ሄደች።

"ቀበቶ ስጠኝ። ቀበቶ ከሌለ ክር የለም፤ ክር ከሌለ ብርድ ልብስ የለም፤ ልጄ ልትወልድ ነው።"

"አልሰጥም። ጨው የለኝም፤ ያለ ጨው ቆዳው ይበሰብስብኛል።"

ወደ ድልድዩ ሄደች። የጨው ባቡር ከማዶ ቆሟል። ከወዲህ የሰሊጥ ባቡር ቆሟል፤ ነጂው ድልነሳሁ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል።

"አንተ ድልነሳሁ፣ ጨዉ ይለፍ። ጨው ከሌለ ቀበቶ የለም፤ ቀበቶ ከሌለ ክር የለም፤ ክር ከሌለ ብርድ ልብስ የለም፤ ልጄ ልትወልድ ነው።"

"እኔ መቼ ከለከልኩ፣ እትዬ ውድነሽ? የጨው ባቡሩን ነጂ ቅደም ብለው እምቢ አለኝ።"

ድልድዩን በእግሯ ተሻግራ የጨው ባቡር ነጂውን መሐሙድን አገኘችው።

"ወንድሜ፣ እለፍ እንጂ። አንተ ካላለፍክ ጨው የለም፤ ጨው ከሌለ ቀበቶ የለም፤ ቀበቶ ከሌለ ክር የለም፤ ክር ከሌለ ብርድ ልብስ የለም፤ ልጄ ልትወልድ ነው።"

"ወዳጄ ቆሞ እኔ ልቀድም? ነውር ነው፣ እናቴ።"

ከጉሙ ውስጥ የድልነሳሁ ድምፅ መጣ። "በሞቴ፣ ቅደም።"

"እኔ ልሙት፣ አንተ ቅደም።"

"ስንት ጊዜ ነው የምትሞቱት?" አለች ውድነሽ። "እናንተ ስትሟሟቱ ሰው ሊወለድ ነው።"

ሐዲዱ መሐል ገብታ ከባቡሩ ፊት ቆመች።

"ቀዳሚዋ እኔ ነኝ። አንተ ተከታይ ነህ፤ ነውሩ የታለ?"

መሐሙድ አሰበ፤ ነውር አጣበት። እሷ ፊት ፊት፣ ባቡሩ እንደ ለማዳ በሬ ከኋላ፣ ቀስ እያሉ በጉሙ ውስጥ ተሻገሩ።

ባቡሩ አለፈ፣ ጨው ገባ። ጨው ገባ፣ ቆዳው ለፋ። ቆዳው ለፋ፣ ቀበቶ ወጣ። ቀበቶ ወጣ፣ ፋብሪካው ነቃ። ፋብሪካው ነቃ፣ ክር ተፈተለ። ሰሊጡም ወደ ዘይት መጭመቂያው ተሻገረ። ውድነሽ ግን ያን አላየችም፤ እየሰፋች ነበር።

ሕፃኗ እያለቀሰች መጣች። ብርድ ልብሱ ውስጥ ጠቀለሏት። ሲሞቃት ዝም አለች። ተረቱም እዚህ ላይ ዝም ይበል።